አንድ አንኮላ ወተት ለትርንጎ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ልትሉ አፋችሁን አሰናድታችኋል። ቆዩ። የዛሬዋን ላም በረቷን ውሃ ወስዶባታል። ይልቅ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ስደረድረው አብራችሁ ደርድሩ፤ ነገሩ ረጅም ነውና ብቻዬን ትንፋሼ አይበቃውም።

ከሐይቅ ዳር ደረቄ የሚሉት መንደር ነበረ። ስሙን ያወጣለት ሰው ክረምቱን ሳያይ የሞተ መሰለኝ። አንድ የነሐሴ ጠዋት አጠገቡ ያለው ወንዝ መኝታውን ትቶ ተነሣ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ይህኛው ግን ማንንም አላሳሳቀም። እንደ እንግዳ በበር ገባ፤ እንደ ባለቤት ተቀመጠ። ጎተራውን ይዞ ሄደ፣ ጣራውን ይዞ ሄደ፣ በረቱን ይዞ ሄደ። ሰው ልጁን አዝሎ፣ አሮጊቱን ደግፎ፣ ሜዳው መሃል ካለችው ኮረብታ ወጣ። ከላይ ቁልቁል ቢያዩ መንደራቸው የለም፤ ያለው ሰማይ ነው፣ መሬት ላይ የተኛ ሰማይ።  

መንደሩ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተብሎ የተከፈለ ነበረ፤ ላይ ሰፈሮች በኮረብታው ምሥራቅ፣ ታች ሰፈሮች በኮረብታው ምዕራብ ተቀመጡ። አንድ ውሃ አባሯቸው ለምን ሁለት ቦታ እንደ ተቀመጡ ስደርስበት እነግራችኋለሁ። ከታች ሰፈሮች መካከል የሻረግ የምትባል እናት ነበረች፤ አራት ዓመት ያልሞላት ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረቻት። ትርንጎ ውሃውን ካየች ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም። ጥሬ ሽምብራ ሰጧት፤ አፏን ዘጋች። የራሰ ዳቦ ሰጧት፤ አፏን ዘጋች። ዓይኗ ተለቀ፣ ክንዷ ቀጠነ፣ አንገቷ ራሷን መሸከም አቃተው። እናቷ «ምን ላምጣልሽ፣ የኔ ዓለም?» ብትላት «ወተት» አለች። ከዚያች ቃል በቀር ሌላ ቃል አልቀራትም። የሻረግም ልጇን አዘለች፤ ከውሃ ያተረፈቻትን አንኮላ፣ ያችን የቅል መጠጫ፣ ያዘች፤ ተነሣች።

ኮረብታው ላይ የምትታለብ ላም አንዲት ብቻ ነበረች፤ ዳልቻ ትባላለች። የሻረግ አጠገቧ ተንበረከከችና «ዳልቻ፣ ልጄ እጄ ላይ ልትሞትብኝ ነው፤ አንድ አንኮላ ወተት ስጪኝ» አለቻት። ዳልቻም፣ «ወተቱስ ሞልቶ እያመመኝ ነው። ግን ጥጃዬ አፉን ሳያስነካኝ መቼ ታልቤ አውቃለሁ? ጥጃዬን አምጪልኝ» አለች። እውነቷን ነው፤ የደረቄ ላም ጥጃዋን ሳታሸት ጠብታ አትለቅም። እንግዲህ ላም ወተት አልሰጥ አለች፤ ትርንጎም ያለ ወተት አልቀምስ አለች።

ጥጃው የት አለ? ከኮረብታው ባሻገር፣ ውሃ ከቧት በቀረች ጉብታ ላይ፣ ዋርካ ተጠግቶ ቆሟል። የሻረግ ከዳር ሆና «አንተ ጥጃ፣ ናና እናትህን ጥባ» ብላ ተጣራች። ጥጃውም «መጥባቱንማ ማን ጠልቶ። ግን እግሬ አጭር ነው፣ ውሃው ረጅም ነው። ታንኳ አምጪልኝ» አለ። እንግዲህ ጥጃ እናቱን አልጠባ አለ፤ ላም ወተት አልሰጥ አለች፤ ትርንጎም ያለ ወተት አልቀምስ አለች።

ታንኳዋ የአንሙት ነበረች። አንሙት ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እጁን አገጩ ላይ ጥሎ ከታንኳው ጎን ተቀምጧል። «የሻረግ እህቴ፣ እኔስ አሁኑኑ ተነሣሁ፤ እሷን ጠይቂያት» አላት። ብትጠይቃት ታንኳዋ፣ «አንዱን ጎኔን ጎርፉ ገንጥሎ ወስዶታል። እንዲህ ሆኜ ብገባ እኔም ጥጃውም አንሙትም በዚያው ነን። አዲስ ደንገል ጎኔ ላይ እሰሩልኝ» አለች። ታንኳ ከደንገል ነውና የሚሠራው፣ ይህንንም ማንም አይክዳትም። እንግዲህ ታንኳ ጥጃ አላሻግር አለች፤ ጥጃ እናቱን አልጠባ አለ፤ ላም ወተት አልሰጥ አለች፤ ትርንጎም ያለ ወተት አልቀምስ አለች።

ደንገሉ ኮረብታው ግርጌ ውሃ ውስጥ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። የሻረግ እስከ ወገቧ ገብታ በሁለት እጇ ጎተተችው፤ መዳፏን ቆረጣት እንጂ እሱ አልተቆረጠም። «አትልፊ» አላት ደንገሉ። «ታንኳ ዘመዴ ናት፤ ብጠግናት ደስታዬ ነው። ግን በእጅ አልነቀልም፣ በጥርስ አልበጠስም። ማጭድ አምጪ።» እንግዲህ ደንገል ታንኳ አልጠግን አለ፤ ታንኳ ጥጃ አላሻግር አለች፤ ጥጃ እናቱን አልጠባ አለ፤ ላም ወተት አልሰጥ አለች፤ ትርንጎም ያለ ወተት አልቀምስ አለች።

ማጭድም ተገኘ፤ ግን እጀታ የለውም። በመላው ኮረብታ የተረፈው ማጭድ ይኸው ብረቱ ብቻ ነው። «እጀታዬን ውሃ በላው» አለ ማጭዱ። «እንጨትስ ታገኚልኛለሽ፤ ግን ጭራዬ ካልጋለ እንጨት ውስጥ አልገባም፤ ያለ እጀታም ብትይዥኝ የምቆርጠው ጣትሽን ነው። እሳት አምጪ።» እንግዲህ ማጭድ ደንገል አላጭድ አለ፤ ደንገል ታንኳ አልጠግን አለ፤ ታንኳ ጥጃ አላሻግር አለች፤ ጥጃ እናቱን አልጠባ አለ፤ ላም ወተት አልሰጥ አለች፤ ትርንጎም ያለ ወተት አልቀምስ አለች። አያችሁ፣ ሁሉም የአብዬን ወደ እምዬ ነው፤ ግን አንዱም አልዋሸም፤ የሚያስቸግረው እሱ ነው።

አሁን እሳቱ ጋ ደረስን፤ የሁለቱን ሰፈር ነገር እዚህ ላይ ልናገር። በበጋው አባ እንየው የሚባሉ የታች ሰፈር ሽማግሌ የድሮውን የውሃ ቦይ አርሰው ከማሳቸው ቀላቀሉት። የላይ ሰፈሯ እማ ደብሪቱ «እንየው፣ ቦዩን ክፈት፤ ውሃ መንገዱን አይረሳም» አሏቸው። አባ እንየው ሰው ፊት ስለ ተነገራቸው ተቆጡ፤ «አንቺ ጠንቋይ» አሉ። ነገር ነገርን ወለደና ታች ሰፈርን ሰብስበው አስማሉ፤ «ከደብሪቱ እሳት ብንጭር፣ በደብሪቱ እሳት ብንሞቅ፣ እሳቱ ይራቀን» አሉ። ሕዝቡም «ይራቀን» አለ። የሻረግም ብላለች፤ ሰው የሚለውን ማለት ቀላል ነው።

ጎርፉ ሲመጣ ሌላው ሰው ሳጥኑን ሲሸከም እማ ደብሪቱ ረመጥ በድስት፣ በላዩ አመድ አድርገው ብቻ ወጡ። በኮረብታው ላይ ያለው እሳት የእሳቸው ብቻ ነው። የላይ ሰፈር ልጆች ከበውት ይሞቃሉ፤ የታች ሰፈር ልጆች ጭሱን እያዩ ይንቀጠቀጣሉ።

የሻረግ ልጇን እንዳዘለች ማጭዱን ይዛ ወደ ላይ ሰፈሮች ተሻገረች። ከታች ሰፈር ማንም ያንን ጫፍ ረግጦ አያውቅም ነበርና ላይ ሰፈሮች ከመቀመጫቸው ተነሡ። እማ ደብሪቱ ግን «እኔ መቼ ከለከልሁ፣ ልጄ? እሳቱ ያው፤ ክተችው» አሏት። የሻረግ የማጭዱን ጭራ ፍሙ መሃል ከተተችው። ጠበቀች። እማ ደብሪቱ እፍ አሉበት፤ ፍሙ ቀላ፣ ነደደ፣ ፊታቸውን ለበለበው። ማጭዱ ሲወጣ ግን በረዶ ነው። የሻረግ በባዶ እጇ ያዘችው፤ ጉንጯ ላይ አደረገችው፤ ቀዝቃዛ። በዙሪያው የነበረ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። እሳቱም ዝግ ብሎ፣ «ይራቀን ብላችሁኛል፤ ራቅሁ። የማላችሁብኝ እናንተ ናችሁ፤ ፍቱኝና እቀርባለሁ» አለ። እንግዲህ እሳት ማጭድ አላግል አለ፤ ማጭድ ደንገል አላጭድ አለ፤ ደንገል ታንኳ አልጠግን አለ፤ ታንኳ ጥጃ አላሻግር አለች፤ ጥጃ እናቱን አልጠባ አለ፤ ላም ወተት አልሰጥ አለች፤ ትርንጎም ያለ ወተት አልቀምስ አለች።

አባ እንየው ለጭሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። «አባ፣ መሐላውን ይፍቱልን» አለቻቸው የሻረግ።  «በድያለሁ፤ አላጣሁትም» አሉ ሽማግሌው። «ግን መሐላ የሚፈታው በዕርቅ ነው፤ የበደለ ሰው ደግሞ በባዶ ጫንቃ አይታረቅም። ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ነው የሚገባው፤ የተበደለው ነው በእጁ የሚያወርድለት። አባቶቻችን ያቆዩን ይህን ነው። ኮረብታው ደግሞ እንደምታይው አፈር ብቻ ነው። ድንጋይ አምጪልኝና እሄዳለሁ።» ሽማግሌ ምክንያት አያጣም የምትሉ አላችሁ፤ እኔም ትንሽ ብያለሁ። ይሁን እንጂ ያለ ድንጋይ የታረቀ ሰው በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። እንግዲህ ሽማግሌ መሐላ አልፈታ አለ፤ እሳት ማጭድ አላግል አለ፤ ማጭድ ደንገል አላጭድ አለ፤ ደንገል ታንኳ አልጠግን አለ፤ ታንኳ ጥጃ አላሻግር አለች፤ ጥጃ እናቱን አልጠባ አለ፤ ላም ወተት አልሰጥ አለች፤ ትርንጎም ያለ ወተት አልቀምስ አለች።

የዕርቅ ድንጋዩ የሚኖረው ከወንዙ መሻገሪያ ነበር። የሻረግ ውሃው ዳር ተደፍታ ጠራችው። ከሥር፣ ከሩቅ፣ «አቤት» አላት። «የስንቱን በደለኛ ጫንቃ አውቀዋለሁ፤ የእንየው አባትም ተሸክሞኛል። መውጣትስ በወጣሁ፤ ግን ውሃው ተኝቶብኛል። እሱን አስነሺልኝ።» እንግዲህ ድንጋይ ጫንቃ አልወጣ አለ፤ ሽማግሌ መሐላ አልፈታ አለ፤ እሳት ማጭድ አላግል አለ፤ ማጭድ ደንገል አላጭድ አለ፤ ደንገል ታንኳ አልጠግን አለ፤ ታንኳ ጥጃ አላሻግር አለች፤ ጥጃ እናቱን አልጠባ አለ፤ ላም ወተት አልሰጥ አለች፤ ትርንጎም ያለ ወተት አልቀምስ አለች።

የሻረግ ቀና ብላ ውሃውን አየችው። መጨረሻ የለውም። ንፋስ የለም፣ ሞገድ የለም፤ ደመናው በላዩ ይሄዳል፣ ከሥሩ ቤቷ አለ። ከኋላዋ የሁለቱም ሰፈር ሰው ቆሞ ያያል። «ውሃ ሆይ፣ ምን ላምጣልህና ትነሣ?» አለችው።

ውሃው አልቸኮለም። «ምንም» አላት። «ዘነበ፣ መጣሁ፤ ሲጎድል እሄዳለሁ። ልጅሽን አላውቃትም። መንደራችሁንም አላውቀውም። ክፋትም የለኝ፣ ምሕረትም የለኝ። አምጪ የምልሽ ነገር የለኝም።»

 እስከ አሁን የጠየቀቻቸው ሁሉ የሚፈልጉት ነገር ነበራቸው፤ የሚፈልግ ነገር ያለውን ይለምኑታል፣ ይደራደሩታል። ምንም የማይፈልገውን ምን ይሉታል? ከውሃው ወዲያ የምትጠይቀው አልነበረም። ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ። የሻረግም ቆመች። የትርንጎ ራስ ከጀርባዋ ወደ ጎን ዘመም ሲል ተሰማት፤ ትንፋሿ አንገቷ ላይ ይመጣና ይዘገያል፣ ይመጣና ይዘገያል።

ፊቷን መለሰች። ኮረብታውን ወጥታ አባ እንየው ፊት ቆመች። «ድንጋይ የለም፣ አባ» አለች።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ፣ ልጄ?»

«ጎንበስ ይበሉ።»

በጆሯቸው የምትነግራቸው መስሏቸው ጎንበስ አሉ። የሻረግ ማዘያዋን ፈታች፤ ትርንጎን አወረደች፤ የሽማግሌው ጫንቃ ላይ አስቀመጠቻት። «ይቺን ይሸከሙ» አለች። «በመሐላችን የበረዳት እሷ ናት። እኔም ይራቀን ብያለሁ፤ አጠገብዎ እሄዳለሁ።»

አባ እንየው ኩንታል እህል ተሸክመው ወንዝ የሚሻገሩ ሰው ነበሩ። አሁን ግን አንድ እጃቸውን መሬት አስደግፈው ተነሡ። ልጅቱ ከብዳ አይደለም። ክብደት የሚባል ነገር አልነበራትም፤ ጫንቃቸው ላይ ሰው መኖሩን የነገሯቸው አንገታቸውን የያዙት ቀዝቃዛ ጣቶች ናቸው። «ምነው ድንጋይ በሆነች» አሉ። እንባቸው መጣ፤ እንዳይጠርጉት እጃቸው የልጅቱን እግር ይዟል። እንዳጎነበሱ መሄድ ጀመሩ።

የኮረብታውን ጫፍ ሲያልፉ ሰው በግራና በቀኝ መንገድ ለቀቀ።  ታች ሰፈሮች ከኋላቸው ተከተሉ፤ ላይ ሰፈሮች ከእሳታቸው ዙሪያ ተነሡ። አባ እንየው እማ ደብሪቱ እግር ሥር ተንበረከኩ። «እህቴ ደብሪቱ፣ ቦዩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ወንዙ መንገዱን ቢያጣ በቤታችን መጣ። መሐላውንም ፈትቻለሁ፤ ማሪኝ።»

እማ ደብሪቱ ለዚህ ቀን ያሰናዱት ንግግር ነበራቸው። ከበጋ ጀምሮ ሲያሹት፣ ሲስሉት የኖሩት ነው፤ «ጠንቋይ» ለምትለውም ቃል መልስ ነበራቸው። ሸክሙን ሊያወርዱ እጃቸውን ዘረጉ፤ ትርንጎን ብብቷ ሥር ይዘው ብድግ አደረጓት። ብድግ ስትልላቸው ንግግሩ ጠፋቸው። ለድንጋይ ብለው ያጠነከሩት ክንድ ባዶ አየር ያነሣ መሰላቸው። ልጅቱን ደረታቸው ላይ ለጠፏት።

«ይማርህ» አሉ። «እኔንም ይማረኝ። ጭሴን ስታይ ይብረድህ እያልሁ ነበር፤ ከአንተ አጠገብ ልጅ እንዳለ ረስቼ።»

ያን ጊዜ የሻረግ ማጭዱን ፍሙ ውስጥ ከተተችው። ጭራው ጠቆረ፣ ደም መሰለ፣ እንደ በሰለ በርበሬ ቀላ። ሕዝቡ አንድ ላይ ተነፈሰ። እንግዲህ ተከተሉኝ፣ አሁን ቶሎ ቶሎ ነው፤ ሽማግሌ መሐላ ፈታ፤ እሳት ማጭድ አጋለ፤ ማጭድ ደንገል አጨደ፤ ደንገል ታንኳ ጠገነ፤ ታንኳ ጥጃ አሻገረች፤ ጥጃ እናቱን ጠባ፤ ላም ወተት ሰጠች።

አፌ ስለሚሮጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ደንገሉን የታች ሰፈር ሰዎች ሲያጭዱ የላይ ሰፈር ሰዎች አንገታቸው ድረስ ውሃ ገብተው ይቀበሉ ነበር። አንሙት ሲቀዝፍ የሁለት ሰፈር ሴቶች ዳር ቆመው አብረው ተሳሉ። ጥጃው አንሙት ጉልበት መሃል ቆሞ ሲመጣ ዳልቻ አይታ ጮኸች፤ ያን ጩኸት የሰማ ሰው ሁሉ የራሱን ልጅ ፈለገ፣ ያላገኘ የጎረቤቱን ልጅ ያዘ። ከእማ ደብሪቱም እሳት በገል፣ በገል እየተጫረ ወደ ምዕራብ ተሻገረ፤ ብርድ ያንቀጠቀጣቸው ልጆች ሁሉ እጃቸውን ወደ እሳት ዘረጉ።

የሻረግ አንኮላውን በአረፋ ሞልታ አመጣች። ትርንጎ እማ ደብሪቱ ጭን ላይ፣ እሳቱ ዳር ነበረች። ከንፈሯን አስነኩላት። አልተነቃነቀችም።  ከዚያ ጉሮሮዋ አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ አለ። ቆይቶ ደግሞ ከፍ ዝቅ አለ። ያን ሁሉ ሕዝብ አንዲት ትንሽ ጉሮሮ ይዛ አቆመችው። ከኮረብታው ሥር ውሃው እንዳለ አለ፤ አንዲት ጣት አልጎደለም፤ ማንንም አልሰማም። የተነሣው ሰው ነው።

ትርንጎ አንኮላውን እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጣች። አፏ ዙሪያ ነጭ ሆኖ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። አባ እንየው ላይ ስትደርስ አንኮላውን ዘረጋችላቸው።

«ደግሞ» አለች።

አባ እንየው ተቀብለው ወደ ዳልቻ ሮጡ። እሳቸው ሲሮጡ ያየ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ተረቴን ብትመልሱ መልሱልኝ። አፌን የምታብሱበትን ዳቦ ግን ውሃ ለወሰደበት ጎረቤት አድርሱልኝ፤ የኔ አፍ ይቆያል።